መጀመሪያ ቧንቧውን ይክፈቱ፦ ስለ ኪራይ ቤት ፍለጋ ለጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ኪራይ ቤት ናቸው፤ ጠያቂዎቹም ሁሉም ቸኩለዋል። ስድስቱን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ሥራ ልጀምር 12 ቀን ቀርቶኛል። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ቤት እስካገኝ እዚያው ሐዋሳ ናቸው፣ እኔ ዘመድ ቤት አርፌያለሁ። በሦስት ቀን ዘጠኝ ቤት አየሁ። አንዱ ውኃ የለውም፣ አንዱ ጋ ልጅ አይፈልጉም፣ አንዱ እስክደርስ ተከራይቷል። በቀረኝ ጊዜ እንዴት ልፈልግ?
(ከአየር ጤና)

መልስ፦ ዘጠኝ ቦታ ሄደው ያወቁትን አብዛኛውን በስልክ ማወቅ ይችሉ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቤት አይቶ መመለስ ከታክሲ ወረፋው ጋር ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። በ12 ቀን የሚያዩት ቤት ጥቂት ነው። አንዱንም በከንቱ አያጥፉት።

ሰፈር ይቁረጡ፤ ሁለት ይበቃል። አምስት ሰፈር የሚያስስ ሰው አንዱንም በቅጡ ሳያውቀው ቀኑ ያልቅበታል። ሜክሲኮ ለሚሠራ ሰው ጀሞ፣ አየር ጤና፣ ጎፋና ሳሪስ በአንድ ታክሲ የሚደርሱ ናቸው። ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ ኪራዩ ቀለል ቢልም መንገድ ላይ መቀያየር አለ። የአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሒሳብዎን በ22 የሥራ ቀን ያባዙና ኪራዩ ላይ ይደምሩት፤ ልጁ ትምህርት ቤት በትራንስፖርት የሚመላለስ ከሆነ የእሱንም ይጨምሩ። ርካሽ የመሰለው ቤት ብዙ ጊዜ እዚህ ድምር ላይ ይወድቃል።

ሰፈር ከቆረጡ በኋላ በእግር ይዙሩበት። ደላላውም የቴሌግራም ቻናሉም እንዳሉ ሆነው፣ ማን ቤት ሊለቅ እንደሆነ ቀድመው የሚያውቁት የብሎኩ ጥበቃ፣ ባለሱቁና ጀበና ቡና የምታፈላዋ ሴት ናቸው። ስልክዎንና የሚፈልጉትን ዓይነት በወረቀት ጽፈው ይተዉላቸው። ቤቱ ሲገኝም የድካማቸውን ያስቡላቸው።

ስልክ ሲደውሉ "ቤቱ አለ?" ብለው ብቻ አይነሡ። ስንተኛ ፎቅ ነው? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት ይመጣል? ሮቶ አለ? ስንት ሊትር ይይዛል? ቆጣሪው የብቻ ነው ወይስ የጋራ? ምጣድ ይፈቀዳል? የማነጋግረው ባለቤቱን ነው ወይስ ወኪሉን? የስንት ወር ቅድሚያ ይጠየቃል? የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት ይዘጋል? ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። እርስዎም ስንት ልጅ እንዳለዎት፣ ሠራተኛም ካለች አብራችሁ እንደምትኖር በዚያው ይናገሩ። ልጅ ደብቆ የገባ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ጭቅጭቅ ይጀምርበታል።

ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሳሎን ገብተው አይቀመጡ። ቀለም ይቀባል፣ የተሰበረ መስታወት ይቀየራል፣ የላላ እጀታ ይጠብቃል። ከገቡ በኋላ የማይስተካከሉት ሦስት ናቸው፤ ውኃው፣ መንገዱና የአከራዩ ማንነት። ጊዜዎን ለነዚህ ይስጡ።

ውኃውን እንዲህ ይፈትሹ። የኩሽናውንና የሻወሩን ቧንቧ አንድ ላይ ይክፈቱ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው የሚሞት ከሆነ ግፊቱ ደካማ ነው። ከዚያ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከቧንቧው ሥር አድርገው ሰዓት ይያዙ። በሁለት ደቂቃ ከሞላ ጥሩ ነው። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከፈጀ የሻወር ማሞቂያውም የልብስ ማጠቢያ ማሽኑም በቅጡ ላይሠሩልዎት ይችላሉ። በዚያ ሰዓት ውኃ ከሌለ ደግሞ አከራዩን ሳይሆን ጎረቤቱን "ለመጨረሻ ጊዜ መቼ መጣ?" ብለው ይጠይቁ። በየደጁ የተደረደረውን ጀሪካንም ልብ ይበሉ፤ በርሜልና ጀሪካን የሞላበት ኮሪደር ሳይጠየቅ ይናገራል።

የሮቶውን መጠን ከፈረቃው ጋር ያስተያዩት። አራት ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን 40 ሊትር ቢጠቀም በቀን 160 ሊትር ነው። ውኃ በየአምስት ቀኑ የሚመጣ ከሆነ 800 ሊትር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ባለ 1,000 ሊትሩ ይበቃዎታል፣ ባለ 500ው ግን በአራተኛው ቀን ጠዋት ያልቃል። ሮቶው ለግቢው ሁሉ የጋራ ከሆነ መጠኑን በሚጠቀሙት ቤተሰቦች ቁጥር ያካፍሉት።

ቀጥሎ መብራት። ምጣድ የሚሰካበትን ሶኬት ያሳዩኝ ይበሉ። የእንጀራ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይደርሳል። ተራው የግድግዳ ሶኬት 16 አምፔር ነው የሚችለው። ምጣዱ እሱ ላይ ከተሰካ ቀስ በቀስ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ አንድ ቀን ይቀልጣል። የሶኬቱን ቀዳዳ ዙሪያ በስልክዎ መብራት ይዩት፤ ቡናማ የሆነ ወይም የቀለጠ ነገር ካለ የነበረው ተከራይ ምጣዱን እዚያ ሲሰካ ኖሯል ማለት ነው። ለምጣድ የራሱ መስመር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና 20 ወይም 25 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ያስፈልጋል። የብሬከሩን ሣጥን ከፍተው ቁጥሩን ያንብቡ። ሽቦው ቀጭን ሆኖ ብሬከሩ ብቻ በትልቅ ከተተካ ግን ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ብሬከሩ ሳይወርድ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቃጠላል።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት እንደሚከፋፈል በቁርጥ ይጠይቁ። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ሦስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም ከፍ ባለ እርከን ሊከፍል ይችላል፤ ጥቂት የተጠቀመውም ጭምር። የብቻ ቆጣሪ ቢሆንም ውዝፍ ዕዳ እንደሌለበት የመጨረሻውን ደረሰኝ ይዩ። ከውዝፍ የተነሣ መብራት ሲቆረጥ ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው ተከራዩ ነው።

እርጥበቱን የሚያዩት ዓይንዎን ወደ ታችም ወደ ላይም አድርገው ነው። ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሊሸፈን የተፈለገ ነገር አለበት። በመዳፍዎ ይጫኑት፤ ቀዝቅዞ ከላበ ወይም ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ከያዘ ውኃ ከመሠረቱ እየወጣ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ከላይ ያፈስሳል። ቁም ሣጥን ካለ ከኋላው በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሻጋታ የሚጀምረው አየር ከማይደርስበት ነው። ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ ይህ ነገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ልጆች በሻጋታ ቤት ክረምቱን ሙሉ ያስላሉ።

ይህ ሁሉ ከ25 ደቂቃ አይበልጥም። የወደዱትን ቤት ግን አንድ ጊዜ ብቻ አይተው አይዋዋሉ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይመለሱና ቆመው ያዳምጡ፤ ቀን ዝም ያለው ጎረቤት ማታ መጠጥ ቤት ሊሆን ይችላል። በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደግሞ ከቤቱ ደጅ ተነሥተው መሥሪያ ቤትዎ ድረስ ይሂዱ። የእሑድ መንገድ የሰኞን አይነግርዎትም። በዚህ ሁሉ ያለፈ ቤት ሲያገኙ ሌላ ይሻል ይሆን እያሉ አያሳድሩት። መታወቂያዎን ይያዙ፣ ገንዘቡ ባንክ ይዘጋጅ፣ በዚያው ቀን ይዋዋሉ።

ጥያቄ፦ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሁለት አግኝተናል፤ አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ አራተኛ ፎቅ። ኪራዩ እኩል ነው። ባለቤቴ አራተኛውን ይወዳል፣ እኔ ደግሞ እናቴ አብራን ስለምትኖር ግራውንዱ ይሻላል እላለሁ።
(ከየካ አባዶ)

መልስ፦ እናትዎ ደረጃ መውጣት የሚቸግራቸው ከሆነ የእርስዎ ሐሳብ ያመዝናል፤ ሊፍት የሌለው ጂ ፕላስ 4 ሕንፃ ላይ አራተኛ ፎቅ መኖር ለአዛውንት ቤት ውስጥ እንደ መታሰር ነው። ሆኖም ግራውንዱን ከመያዝዎ በፊት ፍሳሹን ይመርምሩ።

የአንድ መወጣጫ ነዋሪዎች ሁሉ ፍሳሽ የሚወርደው በአንድ ቋሚ ቱቦ ነው። ታች ያለው መስመር ሲደፈን የሁሉም ፎቅ ቆሻሻ መውጫ የሚያገኘው በመጀመሪያው ክፍት ቦታ ነው፤ እሱም የግራውንዱ ሽንት ቤትና የሻወር መውረጃ ነው። ስለዚህ 10 ሊትር ያህል ውኃ በባልዲ አንድ ጊዜ ሻወሩ መውረጃ ላይ ይድፉ። ሳይጠራቀም ከሄደ መልካም። እየተንደቀደቀ ቀስ ብሎ ከወረደ ወይም ሲወርድ የሽንት ቤቱ ውኃ ከተንቀሳቀሰ መስመሩ ታንቋል። ከዚያ ወደ ውጭ ይውጡና ከብሎኩ አጠገብ ያሉትን የማንሆል ክዳኖች ይዩ፤ ዙሪያቸው ጠቁሮ የደረቀ ጭቃ ካለ ሞልቶ ሲፈስ ነበር። ፊት ለፊት ያለውን የግራውንድ ተከራይ መጠየቅም አይፈሩ፤ ቤቱ ፍሳሽ የገባበት ሰው ያንን ቀን አይረሳውም።

አንድ ነገር ግን አያሳስትዎ። ባዶ የቆየ ቤት ሁሉ ይሸታል፤ ከመውረጃው ሥር ያለው የውኃ መዝጊያ ስለሚደርቅ ነው። ሁለት ሊትር ያህል ውኃ አፍስሰው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ሽታው ከጠፋ ችግር የለውም።

አራተኛ ፎቁ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው መጀመሪያ የሚቀረው እላይ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ጋ ሲመጣ አራተኛው ሌሊት ብቻ የሚያገኝበት ብሎክ ጥቂት አይደለም፤ ባለቤትዎ ይህን ከላይኞቹ ነዋሪዎች ይጠይቁ። ጣሪያውም የሚያፈስሰው እነሱ ላይ ነው። በረንዳ ላይ ትልቅ ሮቶ አስቀምጠን እንገላገላለን ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ተዉት። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ይከብዳል፣ በረንዳም ለዚያ አልተሠራም። በርሜል ካስፈለገ ባለ 200 ሊትሩን ከውስጥ፣ ከግድግዳና ከዓምድ አጠገብ ያስቀምጡ።

ለእኛ የተሻለው ሦስተኛ ምርጫ ነው፤ በዚያው ግቢ አንደኛ ፎቅ የሚለቀቅ ካለ ጥበቃውን ይጠይቁ። አንድ ደረጃ ለእናትዎም ይቻላል፣ ከፍሳሹም ከጣሪያውም ይድናሉ።

ጥያቄ፦ የወደድኩት ቤት ባለቤት የስድስት ወር በአንድ ጊዜ በእጅ ካልከፈልሽ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አሉኝ። ውሉም የስድስት ወር ነው አሉ። ልክፈል?
(ከሰሚት)

መልስ፦ አይክፈሉ። በአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ኪራይ የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በአዋጁ መሠረት ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ የውሉም ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መክፈያ ነው። ጭማሪም ቢሆን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን እንጂ አከራዩ በፈለገ ወር የሚያደርገው አይደለም።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ነው፣ ቤት ግን ጠፍቷል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙ ሰው ተጨንቆ ይከፍላል። ነገር ግን የስድስት ወር ኪራይ በእጅ ሰጥተው ደረሰኝ ከሌለዎት፣ በሁለተኛው ወር "ልጄ ሊገባበት ነው፣ ልቀቂ" ቢባሉ የሚይዙት ማስረጃ የለዎትም። በትሕትና "ሁለት ወር በባንክ አስገባለሁ፣ ውሉንም ወረዳ አብረን እናስመዝግብ" ይበሏቸው። ብዙ አከራዮች የሚፈሩት ተከራዩ ሳይከፍል እንዳይቀመጥባቸው ነው፤ የሥራ ቦታዎን ማስረጃና ዋስ የሚሆን ሰው ይዘው ሲሄዱ ይለሳለሳሉ። እምቢ ካሉ ሌላ ይፈልጉ።

ስትዋዋሉ የሚታዩት ወረቀቶች እነዚህ ናቸው። የአከራዩ መታወቂያ፣ የቤቱ ካርታ ወይም የኮንዶሚኒየም የሽያጭ ውል፣ የሚያከራየው ወኪል ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና። ዋናውን ይዩ፤ ፎቶ ኮፒ ብቻ አይበቃም። ስሙን ከመታወቂያው ጋር፣ የብሎክና የቤት ቁጥሩን ከበሩ ጋር ያስተያዩ። ውክልናው ላይ "ለማከራየት" የሚል ሥልጣን መኖሩን ያንብቡ፤ ግብር ለመክፈል ብቻ የተሰጠ ውክልና ቤት አያከራይም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጋራ ሕንፃ ማኅበሩን ኮሚቴ "የዚህ ቤት ባለቤት ማናቸው?" ብሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ ነው። ራሱ ተከራይ የሆነ ሰው ለሦስትና ለአራት ሰው ቀብድ ተቀብሎ የሚሰወረው ይህ ጥያቄ ስለማይጠየቅ ነው።

ውሉ ውስጥ የቆጣሪውን ንባብ፣ የቁልፎቹን ብዛትና የተበላሸውን ዕቃ ሁሉ ያስገቡ። ቁልፍ በተረከቡ ሰዓት ቤቱን ከበሩ ጀምረው በስልክ ይቅረጹና ቪዲዮውን ለአከራዩ ይላኩላቸው። የበሩን ቁልፍ ሲሊንደር በራስዎ ወጪ በዚያው ቀን ይቀይሩ፤ የቀድሞው ተከራይ ስንት ቅጂ እንዳስቀረጸ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ውሉን በ30 ቀን ውስጥ ያስመዝግቡ።

ጥያቄ፦ ደላላው ቤት ለማሳየት ብቻ ገንዘብ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ሲሳካም እንደገና ይወስዳል። ይህ ደንብ ነው?
(ከመገናኛ)

መልስ፦ የደላላ ሒሳብ የሚከፈለው ውል ሲፈረም ነው። ለማሳየት ብቻ የሚቀበል ሰው ቤት ባያከራይም ስለሚያተርፍ፣ የማይሆን ቤት እያሳየ ሊያዞርዎት ይችላል። የታክሲውን ቢችሉለት ግን ነውር የለውም። ቤቱን ከማየትዎ በፊት ስንት እንደሚቀበል፣ ከእርስዎ ብቻ ወይስ ከአከራዩም እንደሚወስድ ቁርጡን ይነጋገሩና በቴክስት ይላኩለት። አንድን ቤት ሁለት ደላላ ካሳየዎት በኋላ ላይ ሁለቱም "የእኔ ነው" ይላሉ፤ ስለዚህ ሁለተኛው ሲነግርዎ አስቀድመው ያዩት መሆኑን በዚያው ይናገሩ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። በሁለት ወር ውስጥ ጠቅልዬ ልገባ ነው። እኅቴ ቤት አይታልኝ ገንዘብ ላኪ ትለኛለች። እኔ ሳላየው እንዴት ልመን?
(ከዱባይ)

መልስ፦ ፎቶ አያስልኩ፣ ቪዲዮ እየደወሉ ያሳዩዎት። ፎቶ ጥሩ ጥሩውን ይመርጣል። ጥሪው ከታክሲ መውረጃው ይጀምር፤ እኅትዎ እየሄዱ መንገዱን ያሳዩ፣ ሰዓቱንም ይያዙ። ቤት ሲገቡ ቧንቧውን ይክፈቱ፣ የሽንት ቤቱን ውኃ ይልቀቁ፣ የብሬከሩን ሣጥን ይክፈቱ፣ ኮርኒሱን ከጥግ እስከ ጥግ ያሳዩ። ጥሪው መኝታ ቤት ውስጥ ከተቆራረጠ እርስዎም ገብተው ስልክ አይሠራልዎትም ማለት ነው፤ በሁለቱም ሲም ይሞክሩት።

ገንዘቡን ለደላላ ወይም "ቀብድ ልያዝልሽ" ላለ ሰው አይላኩ። የባለቤትነት ወረቀቱና መታወቂያው ከታዩ በኋላ፣ በባለቤቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ። ውሉን እኅትዎ በእርስዎ ስም እንዲፈርሙ ከፈለጉ ውክልና ያስፈልጋል፤ ቆንስላ ቀጠሮ ጊዜ ስለሚፈጅ ዛሬውኑ ይጀምሩት። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን የሁለት ሳምንት ማረፊያ እኅትዎ ጋ አመቻችተው፣ ቤቱን በራስዎ ዓይን አይተው መዋዋል ነው። ስንት ዓመት ላብዎን ያፈሰሱበት ገንዘብ ነው፤ ሁለት ሳምንት ቢታገሡለት ይገባዋል።

ጥያቄ፦ የምገባው ነሐሴ መጨረሻ ነው። አከራዬ ለጳጉሜን ለብቻ ክፈል አሉኝ። ደግሞም ዕቃ የሚያወርዱ ልጆች ብዙ ይጠይቃሉ ይባላል።
(ከጎሮ)

መልስ፦ በልማድ ለጳጉሜን ኪራይ አይከፈልም፤ ኪራይ በዓመት 12 ወር ነው የሚታሰበው። ውሉ ላይ "የመክፈያው ቀን በየወሩ እስከ 5ኛው ቀን፣ ጳጉሜን ሳይታሰብ" ብለው ያስጽፉ፤ በየዓመቱ ከመከራከር ያድንዎታል።

ጫኝና አውራጆቹን ዕቃው በር ላይ ደርሶ ሳይሆን አንድ ቀን ቀድመው ያነጋግሩ። የዕቃውን ዝርዝርና ፎቁን ይንገሯቸው፤ ፍሪጅ፣ ቁም ሣጥንና ምጣድ ካለ ይጥቀሱ። ዋጋውን ጥበቃው ባለበት ይቁረጡ። አይሱዙ ከሆነ ብሎኩ ድረስ መግባት መቻሉንም በዚያው ያረጋግጡ፤ ብዙ ግቢ በክረምት መንገዱ ስለሚጨቀይ መኪናው ራቅ ብሎ ይቆምና የአውራጁ ሒሳብ ይጨምራል። ዝናቡ ከሰዓት ስለሚበረታ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መጫን ይጀምሩ፣ ፍራሾቹን በላስቲክ ጠቅልለው መጨረሻ ላይ ይጫኗቸው።